የቀኝ ትከሻዬና የንቦቹ አዋጅ

ፓርላማ ከመግባቴ በፊት የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። የድሮ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱኝ በአንድ ነገር ነው፤ የአፍሪካን ካርታ መጽሐፍ ሳላይ፣ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳላነሣ እስል ነበር። ከሞሮኮ ተነሥቼ፣ ዞሬ ዞሬ ሞሮኮ እገባለሁ። ይህን የማነሣው ለጉራ አይደለም። ኋላ ሐኪም ቤት ስሄድ ትከሻዬን የጎዳው ዕድሜ ልኬን ወደ ላይ ተንጠራርቼ መጻፌ ሳይሆን አይቀርም ስላሉኝ ነው። ትከሻዬ ደግሞ በፖለቲካ ሕይወቴ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

የተወለድኩት እዚያው የካ፣ ተራራው ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ነው። እናቴ ከጋሞ ደጋ መጥታ፣ እንጦጦ ቅጠል እየጠረገችና ጭራሮ እየለቀመች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ለዳቦ ቤትና ለጠላ ቤት እየሸጠች አሳደገችኝ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለታችንም ጴንጤ ነን፤ እሱ ዝምተኛ ጴንጤ ነው፣ እኔ ደግሞ የመዘምራን።

አንድ ቀን ከወረዳ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት መጡና ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ለከተማው ምክር ቤት ዕጩ እየፈለጉ ነበር። ሴት፣ የተማረች፣ የሰፈሩ ተወላጅ።

«እርስዎ ሦስቱንም ያሟላሉ» አሉኝ።

አራተኛ መስፈርት እንደነበረ የደረስኩበት ቆይቼ ነው፤ ብዙ የማትናገር። እሱንም አሟላ ነበር። አስተማሪ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲለፈልፍ ስለሚውል፣ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ዕረፍቱ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ምን ልትሠሪ ነው የምትገቢው?» አለኝ።

«ሕዝብ ልወክል።»

«ጥሩ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ። አውቶቡስ ውስጥ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ሾፌር አይደለም።»

ተቀየምኩት። ተመረጥኩ። እሱም መረጠኝ፤ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም እያሳየ «ይኸው፣ ቲኬት ቆርጬልሻለሁ» አለኝ።

ከሰፈራችን በታች ከየካ ተራራ የሚወርድ ወንዝ አለ። በበጋ ልጆች ይዘሉታል፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ማዶ ያሉ ተማሪዎቼ ዝናብ ሲጥል ወይ እስከ አስፋልቱ ዞረው አርፍደው ይመጣሉ፣ ወይ ይቀራሉ። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ስብሰባ እጄን አውጥቼ (ያኔ ትከሻዬ ደህና ነበር) ለሰፈራችን የእግረኛ ድልድይ መቼ እንደሚሠራ ጠየቅሁ። ኃላፊው ተነሥተው፣ «የተከበሩ አባል ላነሡት ጥያቄ አመሰግናለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራው በሂደት ላይ ነው» አሉ። ደስ ብሎኝ ሰፈር ገብቼ አወራሁ።

በሚቀጥለውም ዓመት በሂደት ላይ ነበር። ከዚያም በሚቀጥለው። ያን ሁሉ ዘመን ጂኦግራፊ ሳስተምር «ሂደት» የሚባል አገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰፊ አገር ነው። የእኛ ድልድይ እዚያ ይኖራል፤ ሌሎች ብዙ ድልድዮች፣ የውኃ መስመሮችና ጤና ጣቢያዎችም አብረውት ይኖራሉ። ምቾት ሳይሰማቸው አይቀርም፣ ተመልሶ የመጣ የለም።

ጥያቄ ማንሣቴን ተውኩ። እጅ ማንሣቴን ግን አልተውኩም። በዚህ ጠባዬ ተመስግኜ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ለአገሪቱ ፓርላማ ታጨሁና አለፍኩ። እዚያ ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ አለው፤ ሰው ሁሉ «የተከበሩ» ብሎ ነው የሚጠራሽ። ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ «የተከበሩ፣ ይቅደሙ» ይባላል። ሥራው ግን ያው ነው። ረቂቅ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ሻይ ይጠጣል።

የፓርቲያችን የቡድን አስተባባሪ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት። ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ጠይቄ ሳልጨርስ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። መልሱን ግን አያውቀውም። ያኔ ይኼ ልጅ ምን ይሆናል ብዬ አዝንለት ነበር፤ በከንቱ ነው ያዘንኩት።

ትከሻዬን ያመመኝ ፓርላማ ከገባሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ፀጉሬን ስሠራ ቆጠቆጠኝ። ቀጥሎ ቀሚሴን ለማውለቅ ባለቤቴን መጥራት ጀመርኩ። በመጨረሻ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልወጣም አለ፤ ከወጣም በግራ እጄ ክርኑን እየደገፍኩ፣ ቀስ እያልኩ ነው። የሰፈራችን ወጌሻ በቅባት አሽተው «ነፋስ ነው» አሉኝ። ጎረቤቴ፣ ደግ ሴት ናት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ልውሰድሽ ብላ ለመነችኝ።

«እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ» አልኳት።

«ትከሻሽም ጴንጤ ነው?» አለችኝ።

ያም ሆኖ አልሄድኩም። የራሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አምልኮ ላይ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ሲዘምር፣ እኔ አንድ እጄን ብቻ ከፍ አድርጌ ታክሲ የማስቆም እመስል ነበር። አጠገቤ የነበረች እህት አዘነችልኝና፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ በፍቅር፣ ቀኝ ክንዴን ይዛ ወደ ሰማይ ሰቀለችው። ጮህኩ። ነፍሴ የወጣች መሰለኝ። ምእመናኑ በሙሉ «ሃሌ ሉያ!» አሉ። ፓስተሩ መድረክ ላይ ቆመው «ጌታ እየሠራ ነው!» አሉ። እንባዬ በጉንጬ ሲወርድ ብዙ ሰው ተባረከ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ወጣት ሐኪም ነው፤ ክንዴን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ አስጮኸኝና መገጣጠሚያው እንደተጣበቀ ነገረኝ።

«ሥራዎ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«የፓርላማ አባል ነኝ።»

«ከባድ ነገር ያነሣሉ?»

«እጄን ብቻ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ የምቀልድ አልመሰለውም። «እንግዲያው ለጥቂት ወራት ያንን ሥራ ቢተዉት ነው የምመክረው» አለኝ። ከእጅ ማውጣት ሌላ ምን ሥራ እንዳለኝ ሳስብ ቤት ደረስኩ።

ስለ ንብ ጤና አጠባበቅ የወጣው ረቂቅ አዋጅ ለውሳኔ የቀረበው በዚያው ሰሞን ነው። የሚቃወመው ሰው ሊኖር የማይችል አዋጅ ነበር። ንብ አይታመም፣ ቀፎ ይመዝገብ፣ የታመመ ንብ ከክልል ክልል አይዘዋወር። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ የውሳኔ ሐሳቡን ለረጅም ጊዜ አነበቡ። አዳራሹ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ የተቀመጡ የተከበሩ አባል በጆሮ ማዳመጫቸው ውስጥ የራሳቸውን ሕልም ያዳምጣሉ።

አፈ ጉባኤው፣ «የምትደግፉ?» አሉ።

እጄ ጉዞ ጀመረ። ክርኔን በግራ እጄ ደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ከጠረጴዛው ወደ ደረቴ፣ ከደረቴ ወደ አገጬ ደረስኩ። በሌላ ቀን ሰው ስለሚቆጠር ጊዜ ይኖረኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አፈ ጉባኤው አዳራሹን ባንድ ጊዜ በዓይናቸው ገረፍ አድርገው፣ «አመሰግናለሁ። የምትቃወሙ?» አሉ።

ሰው ሁሉ እጁን አወረደ። የእኔ ያኔ ደረሰ።

አፈ ጉባኤው በመነጽራቸው አናት አዩኝ። ጸሐፊው አየኝ። እጄን ላወርድ ሞከርኩ፤ የኔ ትከሻ ግን አወጣጡም አወራረዱም ያው ነው፤ አንዴ ከወጣ ተቆልፎ ይቀራል።

«አንድ ተቃውሞ» አሉ አፈ ጉባኤው። «ድምፀ ተአቅቦ?»

እጄ ገና መንገድ ላይ ነበር። ጸሐፊው ወደ አፈ ጉባኤው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። አፈ ጉባኤው «አይ፣ እሷው ናት» ሲሉት በማይክሮፎኑ ተሰማ። ሰው ሳቀ። ልናገርና ላስተካክል ፈለግሁ፤ ለመናገር ግን እጅ ማውጣት ያስፈልጋል። «ረቂቅ አዋጁ በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፤ መዶሻው ወረደ። እንቅልፍ የወሰዳቸው አባል ነቅተው፣ «ምንድን ነው የተቃወሙት?» ብለው ጠየቁኝ። «ንብ» አልኳቸው። ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁና ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉ።

የዚያን ዕለት ማታ በዜና አሳዩኝ። ካሜራው ፊቴ ላይ ቆየ። በሕመም የተጨማደደው ፊቴ ለሚያየው ሰው የቁጣ ፊት ነበር፤ የነከስኩት ጥርሴ የቆራጥነት። እኔ ራሴ ሳየው ፈራሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፤ ልጆቹን ሁሉ አስተምሬለታለሁ። እንዳየኝ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ።

«ቲቸር፣ አላህ ይጠብቅዎ! ወንድ የጠፋበት ቤት ውስጥ አንድ ሴት!»

«ምን አደረግሁ?»

«እንዴ! ንቦቹን ነዋ።»

«የተሳሳተ ነገር ነው። ትከሻዬን አሞኝ ነው።»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገብቶኛል። ሌላ ሰው ሲጠይቅዎም እንደዚያ ይበሉ።»

ላስረዳ ብዬ በሞከርኩ ቁጥር ብልህነቴ እየጨመረ ሄደ። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት ቦታ ለቀቀልኝና ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። «ንቡ ምሳሌ ነው አይደል?» አለኝ ወጣቱ በጆሮዬ። አገራችን በሰምና ወርቅ ያደገች ናት፤ ንብ ባለበት ደግሞ ሰም አይጠፋም። ሰው ሁሉ ሰሙን ለንቦቹ ትቶ ወርቁን ፍለጋ ወጣ። አንዱ ቀፎ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው አለ። ሌላው ንግሥቲቱን በስም ያውቃታል። ማር የምትሸጥ ሴት ደግሞ ምንም ወርቅ ሳትፈልግ፣ ቀፏችን እንዳይመዘገብ ስለተቆረቆርሽ ብላ አንድ ጣሳ ማር ይዛልኝ መጣች። ባለቤቴ ቀምሶ፣ «ስኳር አለበት። ተመዝግቦ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።

አስተባባሪያችን ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘግቶ «የተከበሩ» ማለቱን ተወና ወደ ድሮው ተመለሰ።

«ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከጀርባዎ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ንቦቹ ምን አደረጉዎት?»

«ልጄ፣ ትከሻዬ ነው። እጄ ዘግይቶ ነው የወጣው። ለድጋፍ የተነሣ እጅ ነው።»

የምሩን ነበር የተጨነቀው፤ እሱም አለቃ አለው። «ትከሻ እኮ አቋም የለውም፣ ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ።

«እኔም የምልህ እሱኑ ነው።»

ግምገማ ተጠራብኝ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አብሬያቸው ለዓመታት እጅ ያወጣኋቸው ሰዎች ተራ በተራ ተናገሩ። አንዱ ጭብጨባ ላይ ቀድሜ እንደማቆም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ታዝቧል። (እውነት ነው፤ ትከሻዬን ያመኛል።) አንዷ ሻይ ስጠጣ ማር ጨምሬ አይታ አታውቅም። አንድ የፍልስፍና ዲግሪ ያላቸው አባል፣ «የአካል መዘግየት የአመለካከት መዘግየት ነጸብራቅ ነው» አሉና ሁሉም ጻፈው። የሐኪም ወረቀቴን አወጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረና፣ ሰብሳቢው፣ «ወረቀቱ ትከሻዎ እንደታመመ ያሳያል፤ ንብን እንደማይቃወሙ ግን አያሳይም» አሉኝ። ሐኪሙ እሱን ቢጽፍልኝ ኖሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከግምገማው በኋላ ነው። ከላይ ያሉ ሰዎች፣ አንድ ድምፅ እንዲህ ካፈነገጠ ከሥሩ የሕዝብ ቅሬታ አለ ማለት ነው ብለው አሰቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንግሥት ታርጋ ያላቸው መኪኖች በጭቃው መንገድ እየተንገዳገዱ ሰፈራችን ወጡ። ሰፈርተኛው ሲያያቸው መጀመሪያ ቤት ሊፈርስ መስሎት ደንግጦ ነበር። አንድ ኃላፊ ቆዳ ጫማቸውን በድንጋይ ላይ እያሳረፉ ወረዱና በትሕትና፣ «የአካባቢው ሕዝብ ከንብ ጋር በተያያዘ ያለው ቅሬታ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰዎች ተያዩ። ባለሱቁ ነው ቀድሞ የነቃው። «ጌታዬ፣ የንቡ ነገር ከድልድዩ ጋር የተያያዘ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«ድልድይ ስለሌለ።»

ጻፉት። ድልድዩ ክረምቱ ሳይጠነክር ተሠራ። የብረት መደገፊያ ያለው፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ደህና ድልድይ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ደግፌ ያልመጣ ድልድይ፣ ሳላውቅ ተቃውሜ መጣ። ምርቃቱ ላይ ሪባን ስቆርጥ (በግራ እጄ) ንግግር አድርጊ ተባልኩና ለመንግሥት ምስጋና አቀረብኩ። ከሕዝቡ መሀል ጎረቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ አሁን ደግሞ ውኃውን ተቃወሚልን!» አለችኝ። ኃላፊዎቹም አብረው ሳቁ፤ አንዳቸው ግን አልሳቁም፣ ስልካቸውን አውጥተው ወጣ አሉ።

ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ የትከሻዬ ሕመም እውነት ሆነ። ቅሬታው ተፈትቷል፤ ስለዚህ ተቃውሞው በጤና ምክንያት የተፈጠረ መሆኑ ተረጋገጠ ተባለ። አስተባባሪያችን ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ፣ «ቲቸር፣ ነጻ ወጡ!» አለኝ። አፈ ጉባኤው ራሳቸው መጥተው «እግዚአብሔር ይማርዎ» አሉኝ፤ መልካም ሰው ናቸው። እጄ ሲዘገይ እንዲያዩኝም መቀመጫዬ ወደ ፊት ተዛወረ።

ክረምቱን ፓርላማው ዝግ ስለነበር ትከሻዬን ማከም ያዝኩ። ወጣቱ ሐኪም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንዳራምድ አዘዘኝ። ባለቤቴ የደረስኩበትን በእርሳስ ምልክት ያደርግልኝ ነበር። ዝናብ ጋብ ሲል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ፣ ክንዴን እያወዛወዝኩ፣ አቀበቱን መውጣት ጀመርኩ።

በዚያ መንገድ ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶችን አገኛለሁ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ነገር ነው፤ ጀርባ ጎብጦ፣ ቅጠሉ ከግራና ከቀኝ መንገዱን እየጠረገ፣ ሴትየዋ ከሥር የማትታይ። አንድ ቀን አንዲት ሽማግሌ ሴት ሸክማቸውን የድንጋይ አጥር ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። እናቴን ያውቋታል፤ አብረው ነው የሚወጡት የነበረው።

«አንቺ ነሽ አይደል፣ መንግሥት ቤት የገባሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቅጠል የተሸከመ ይታሰራል የሚል ሕግ ሊወጣ ነው አሉ። ውሸት ነው በይኝ።»

«ውሸት ነው» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም ነበር።

ፓርላማው ሲከፈት ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያ ረቂቅ የደን ጥበቃ አዋጅ ነበር። አብዛኛው ጥሩ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ደን ይጠበቅ ሲባል አይከፋትም። ወደ መጨረሻው ግን ያለ ፈቃድ የደን ውጤት፣ «ቅጠልና ጭራሮን ጨምሮ»፣ ይዞ የተገኘ ሰው በገንዘብና በእስራት እንደሚቀጣ የሚል አንቀጽ ነበረው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ በዚህ አንቀጽ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዋን በሙሉ ወንጀለኛ ናት፤ እኔም በወንጀል ገቢ የተማርኩ ነኝ።

ኮሚቴ ውስጥ ተናገርኩ። ከዓመታት በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ዛፍ የሚቆርጠው ይቀጣ፣ የወደቀ ቅጠል የሚጠርግ ሰው ግን ይቅር አልኩ። ሰብሳቢው በጥሞና ሰሙኝ። «የተከበሩ አባል ያነሡት ሐሳብ በጣም ጠቃሚ ነው። በመንፈስ ተካቷል» አሉ። በመንፈስ የሆነ ነገር ምን እንደሆነ በእምነቴ አውቃለሁ፤ ረቂቁ ላይ ግን ፈልጌ አጣሁት።

የውሳኔው ቀን ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዱ ኮቴን አለበሰኝ።

«ልትቃወሚ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ትከሻሽ እንዴት ነው?»

ቀጥ አድርጌ አወጣሁለት። ኮርኒሱን ልነካ ምንም አልቀረኝም። አንገትጌዬን አስተካከለልኝና፣ «በይ ሂጂ» አለኝ። እስከ በሩ ድረስም ሸኘኝ፣ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።

አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። «አመሰግናለሁ። የምትቃወሙ?»

አወጣሁ። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳልደግፈው፣ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አፈ ጉባኤው አዩኝ፤ ፊታቸው በርኅራኄ ተሞላ። «የተከበሩ፣ አይዞዎት» አሉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ምክር ቤቱ እንደሚያስታውሰው የተከበሩ አባል የትከሻ ሕመም አለባቸው። በድጋፍ ይያዝልን» አሉ።

ተነሣሁ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ትከሻዬ ድኗል!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ከልባቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኚያ ፈላስፋ እንኳ ቆመው አጨበጨቡልኝ።

«ተቃውሜያለሁ» አልኩ፤ ጭብጨባው ግን ዋጠው፣ ማይክሮፎኑም የሚከፈተው ከመድረኩ ነው። ከጎኔ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ሰሙኝ። አንዷ ዞር ብላ እጄን ጨበጠችኝና፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አለችኝ። ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አስተባባሪያችን ከወዲያ ማዶ ያየኝ ነበር። እሱ እንደገባው ዓይኑ ላይ አይቻለሁ፤ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

ማታ በዜና የታየው ጭብጨባው ነው። ሰፈርተኛው እንኳን አዳነሽ ሊለኝ ብርቱካን ይዞ መጣ። ጎረቤቴ በሽተኛ ለመጠየቅ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብላ ገብታ፣ ትከሻዬን ዳበሰችኝ። «በጸበል ቢሆን እኮ ቶሎ ይድን ነበር» አለች። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ብርቱካኑን መላጥ ጀመርኩ።

ሽማግሌዋን ሴት ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አገኘኋቸው፤ በዋናው መንገድ አይደለም፣ በፈፋው በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ነው፤ የሚወርዱት በዚያ ሆኗል። አላመለጥኳቸውም፤ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እማማ፣ ውሸት ነው ብዬዎት ነበር። ለካ እውነት ነው። ተቃውሜ ነበር፣ ግን አልተቆጠረልኝም።»

ከሸክማቸው ሥር ሽቅብ አዩኝ። «እሺ፣ ልጄ» አሉኝ። «እስቲ ያንን የደን ጥበቃ ቆሞ እንደሆነ ከላይ ሆነሽ እዪልኝ።» ወደ ጉብታው ወጥቼ አየሁ። ጥበቃው የለም ነበር። በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ወረዱ። በዚያ ዘመን ለመራጮቼ በእጄ ካደረግሁት ነገር በሙሉ የጠቀማቸው እሱ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህም ጠዋት ጠዋት እዚያ ጉብታ ላይ ትንሽ ቆም እል ነበር።

ዘመኔ ሲያልቅ ዳግመኛ አልታጨሁም። «ለጤናዎ ሲባል» አሉኝ፤ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ።

አሁን የሰፈራችን እድር ኮሚቴ ውስጥ ነኝ፤ የምንሰበሰበው ከወንዙ ማዶ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባዬ ላይ የድንኳን ወንበር እንግዛ የሚል አጀንዳ ነበር። ሰብሳቢው ተናግሮ ሳይጨርስ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ተነሣ። እጅ የሚያወጣ የለም፤ ድምፅ ያለው ይናገራል፣ የሌለው ጠረጴዛ ይመታል። ባለሱቁ ሰማያዊ ይሁን አለ። ጎረቤቴ፣ ለቅሶ ቤት ሰማያዊ ወንበር አልቀመጥም፣ ብሞትም አልቀመጥም አለች። አንድ አዛውንት፣ ብትሞች መቼ ትቀመጫለሽ አሏት። እኔ፣ ከለመድኩት አገር ይዤ በመጣሁት ቋንቋ፣ ጉዳዩ በዝርዝር ተጠንቶ በሂደት ቢታይ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

ከሁሉም አቅጣጫ ጮሁብኝ። «ቲቸር፣ ቁጭ ይበሉ!» አለኝ ባለሱቁ፣ ያ ‹አላህ ይጠብቅዎ› ያለኝ ሰው። ሐሳቤ ወደቀ። ከእኔ በቀር አንድም የደገፈው የለም፤ ባለቤቴ እንኳ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ተቃወመኝ። ከእሱ ጋር እየተጨቃጨቅን፣ በአዲሱ ድልድይ ላይ ሳይሆን በአስፋልቱ ዞረን ቤታችን ገባን፤ ክርክሩ ስላላለቀ መንገዱ እንዲረዝም ሁለታችንም ፈልገን ነበር።